«በቅን ልቦና» ላስተላለፍሁት ድምፅ ምሕረት ላደረገልኝ ኮሚቴ

ለሰው ሠራሽ አስተውሎት መቆጣጠሪያ ረቂቅ አዋጅ አዘጋጅ ኮሚቴ ክቡር ሰብሳቢ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለተከበሩት የኮሚቴው አባላት፣ ረቂቁን በሚያብረቀርቅ ወረቀት አትመው እስከ ሞጣ ድረስ ላመጡልን ባለሙያዎችና አቧራውን ለቻለው ሾፌራችሁ ጭምር የጤና ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጉሮሯችሁ እንደምን ከርሟል? በሞጣው ስብሰባ ላይ ብዙ ስለ ተናገራችሁ አሳስቦኝ ነበር። ስለ ጆሯችሁ ግን አልሰጋም፤ ያን ቀን እንኳ ስላልደከመ እንደ አዲስ እንደሚሆን አምናለሁ።

እኔ ሽታሁን ወልደ ኪዳን የምባል የቢቸና ሰው ነኝ። ዳዊት ደግሜ፣ ከዘመናዊው ትምህርት እስከ ስምንተኛ ተምሬ፣ ዕድሜዬን ወፍጮ ቤት ውስጥ ያሳለፍሁ፣ አገሬ የምትባለውን ሚስቴን ከቀበርሁ ወዲህ ብቻዬን የምኖር ሽማግሌ ነኝ። በስብሰባችሁ ላይ «አባታችን፣ መርቀው ይክፈቱልን፣ መርቀው ይዝጉልን» የተባልሁት ባለ ነጭ ጋቢው እኔ ነበርሁ። ስሜን ያን ቀንም አልጠየቃችሁኝም፤ ስለዚህ አሁን መንገሬ ድግግሞሽ አይሆንባችሁም።

ወደ ምስጋናዬ ከመግባቴ በፊት፣ ምንም እንኳ ረቂቃችሁ ንጹሕ ቢያደርገኝ፣ ሰው ሳያውቅብኝ የኖረ አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ። ሉሊት የምትባል ነርስ በቢቸና ታገለግል ነበር። ትውልዷ ወላይታ ነው፤ እኛ ዘንድ የመጣችው በሥራ ተመድባ ነው። ባለፈው ዓመት በእሷ ድምፅ «ለአሮጊቶቹ የምንሰጣቸው ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ነው፤ እነሱ ምን ያውቃሉ» የሚል፣ በሣቅ የሚያበቃ ንግግር በየስልኩ ይዞር ጀመር። በማሽን የተሠራ ሐሰት መሆኑን ባለሙያ ያረጋገጠው ከወራት በኋላ ነው። ሠሪው እስከ ዛሬ አልታወቀም። በእድራችን የቴሌግራም ቡድን ውስጥ መጀመሪያ የለጠፍሁት ግን እኔ ነኝ። ይህንን አገር ያውቃል፤ «ምስኪን ጋሼ ሽታሁን፣ ተታልሎ ነው» እያለ ያዝንልኛል። አገር የማያውቀው እንዳልተታለልሁ ነው። ድምፁን ገና ስሰማ የሉሊት እንዳልሆነ አውቄ ነበር።

እንዴት አወቅህ ቢሉኝ፣ አገሬ በታመመች ጊዜ ሉሊት ከሥራ ስትወጣ በቤታችን በኩል እየዞረች ቁስሏን ታጥብላት ነበር። ዕድሜ ጠገቧን ሴት ሁሉ «እናቴ» ትላለች እንጂ «አሮጊት» የሚለው ቃል ከአፏ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። አማርኛም ሁለተኛ ቋንቋዋ ስለሆነ፣ ቃል ስትፈልግ በየመካከሉ ቆም ብላ ትተነፍሳለች። በስልኩ ውስጥ ያለችው ሴት ግን እንደ ሬዲዮ ተናጋሪ አንድም ሳትተነፍስ ነው የምትወርደው። አወቅሁ፤ አውቄም ላክሁት። የአገሬ አርባዋ ገና መውጣቱ ነበር። እግዚአብሔርን መክሰስ ስለ ፈራሁ የምከስሰው ሰው እፈልግ ነበር፤ ማሽኑ አዘጋጅቶ ሰጠኝ። እድርተኛውም «ሚስቱን ያስታመመችለትን ሴት ጋሼ ሽታሁን በሐሰት አያነሣትም» ብሎ አመነ። ዳዊት ስለ አፍ ጠባቂ የለመነውን በየማለዳው እደግማለሁ፤ ስለ አውራ ጣቴ ግን ጠባቂ ለምኜ አላውቅም ነበር። ለነፍስ አባቴ እንኳ «በቃል በድያለሁ» ብዬ በደፈናው አለፍሁት።

ከዚያ የሆነው ይህ ነው። እናቶች ልጆቻቸውን ከክትባት አስቀሩ። የሉሊት አከራይ ዕቃዋን ደጅ አወጣችባት፤ ጣሪያዋ ላይ ድንጋይ ተወረወረ፤ በመጨረሻም «ለራሷ ደኅንነት» ተብላ ወደ ሞጣ ተዛወረች። ጎረቤቴ ፋንታነሽ የደም ግፊት ክኒኗን «ከዚያች እጅ የመጣ ነው» ብላ ጣለችው። ዛሬ ግራ እጇና ግራ እግሯ አይታዘዟትም፤ ቤተ ክርስቲያን የምትመጣው ልጇ ሰብለ ወንጌል ደግፋት ነው። ባገኘችኝ ቁጥር «አያ ሽታሁን፣ እንዴት አደርህ» ትለኛለች። ከከንፈሯ የሚንቀሳቀሰው ግማሹ ነው።

አሁን ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ ስለ አንቀጽ ሃያ ሰባት ምን ብዬ እንደማመሰግን አላውቅም። «ሐሰተኛ ይዘትን በቅን ልቦና ያስተላለፈ ሰው አይጠየቅም» ይላል፤ ከሥሩም «ተቃራኒው ካልተረጋገጠ በስተቀር ቅን ልቦና እንዳለ ይገመታል» ይላል። ሳልጾም፣ ሳልሰግድ፣ እንባዬ ሳይወርድ ይቅር ተባልሁ። ልብን የሚመረምር አንድ ፈጣሪ ብቻ ነው ሲባል እየሰማሁ ነበር ያደግሁት፤ ለካ ኮሚቴም ይመረምራል፤ ያውም ቢቸና ሳይመጣ። የእኔን ልብ መርምራችሁ ቅን ሆኖ ስላገኛችሁት እግዜር ይስጥልኝ፤ እኔ ብዙ ጊዜ ፈልጌ አጥቼው ነበር።

ይህ አንቀጽ በተነበበ ጊዜ ሉሊት በአዳራሹ ውስጥ እንደ ነበረች ያስታውሱ ይሆናል። እጇን ያወጣችው፣ ሁለት ጊዜ ታልፋ በሦስተኛው የተፈቀደላት፣ አረንጓዴ ሹራብ የለበሰችው ሴት ናት። «የሠራውን ትቀጣላችሁ፤ ያስተላለፈውስ? የሠራውን እኔ አይቼው አላውቅም። ከቤት ያስወጡኝ የማውቃቸው ሰዎች ናቸው» ነበር ያለችው። ክቡርነትዎም በዚያ ግሩም ፈገግታዎ «እህቴ፣ ጥያቄሽ ስሜት የበዛበት ነው፤ በቅንነት የተታለለን ሕዝብ ልንከስ ነው? ለምሳሌ ድምፁን አስተላልፈዋል የሚባሉት እኚህ መራቂ አባታችን ናቸው፤ እሳቸውን እናስርልሽ?» ብለው በጣትዎ አመለከቱኝ። አዳራሹ ሣቀ። እኔም ሣቅሁ፤ ሁሉ ሲሥቅ ብቻዬን ዝም ብል ያስታውቅብኛል ብዬ ነው። ሉሊት ዘወር ብላ አየችኝና «አባባን አላልኩም፤ እሳቸውማ ተታለው ነው» ብላ ተቀመጠች። «ጊዜ አጥሯል» ተባለ። እኔም ተነሥቼ «አዋጁን የፍትሕ፣ አውጪዎቹን የጥበብ ሰዎች ያድርግልን» ብዬ መረቅሁ፤ እናንተም «አሜን» አላችሁ።

ስንወጣ በር ላይ ጠብቃ ትከሻዬን ሳመችኝ። «አባባ፣ እግርዎ ያብጥ ነበር፤ ጨው ቀነሱ?» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ እኔ በሕይወቴ ብዙ ተረግሜያለሁ፤ በወፍጮ ቤት ሥራ «ዱቄቴን አጎደልህ» ብሎ ያልረገመኝ ባለ እህል የለም። እንደዚያ ጥያቄ ያለ እርግማን ግን ደርሶብኝ አያውቅም።

ሁለተኛ፤ ተበዳይ አቤቱታውን በሠላሳ ቀን ውስጥ በድረ ገጽ ብቻ፣ መጀመሪያ ከተሠራበት ቅጂ ጋር እንዲያቀርብ መወሰናችሁ እጅግ ብልህነት ነው። ሉሊት ዕቃዋን ከደጅ በምትሰበስብበት ሰሞን በቢቸና ኔትወርክ አልነበረም። ድምፁን በቢቸና ሁሉ ለመበተን የበቃው ኔትወርክ፣ ለአቤቱታ ሲፈለግ የት እንደሚሄድ የእናንተ ባለሙያዎች ያውቁ ይሆናል። መጀመሪያ የተሠራበትን ቅጂ በተመለከተም ሠሪውን ፈልጋ «እባክህ የበደልህበትን አውሰኝ፣ ልክሰስህ ነው» ማለቷ አይቀርም። ፋንታነሽንም አልረሳችኋትም፤ በቀኝ እጇ መጻፍ ትችላለች፤ እርግጥ ፊደል አልቆጠረችም።

ሦስተኛ፤ በማሽን የተሠራ ድምፅ ሁሉ «በማሽን የተሠራ ነው» የሚል ምልክት እንዲኖረው፣ ምልክቱንም ሠሪው ራሱ እንዲያደርግ አዛችኋል። በዚሁ ጥበብ ሌባው ሊሰርቅ ሲመጣ ከውጭ እንዲያስል የሚያዝ አዋጅም ጨምሩልን፤ ውሻ ከመቀለብ በዳንን።

አራተኛውን ምስጋና ከማቅረቤ በፊት፣ ይቅር ካላችሁኝ በኋላ ያጠፋሁትን ጊዜ ልንገራችሁ፤ የቀድሞው ይቅርታ ይህንንም ይሸፍን እንደሆነ ታዩልኛላችሁ።

ከስብሰባው ከተመለስሁ ወዲህ እንቅልፍም እህልም አልሆነልኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እንደሚባለው፣ በአንቀጽም አልታሽ አለኝ። ስለዚህ ከአጥሬ ሥር ደኅና ድንጋይ መርጬ ወደ ሞጣ ሄድሁ። በረቂቃችሁ ውስጥ ስላላየሁት ምናልባት ባትሰሙት ይሆናል፤ በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ጫንቃው ላይ አድርጎ ከተበዳይ ደጅ ይቆማል፤ ተበዳይም «ይቅር ለእግዚአብሔር» እስኪል አያወርድም። በሚኒባሱ ውስጥ ድንጋዩን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ስሄድ፣ ደብረ ወርቅ ላይ የተሳፈረች አንዲት ሴት «ምነው አያ፣ ሞጣ ድንጋይ አልቆባቸው ነው ከቢቸና የሚጫንላቸው?» ብላ መኪናውን በሣቅ ሞላችው። ከፊት ያለ አንድ ሽማግሌ ግን ገብቶት ዘወር አለና «እግዜር ያቅናልህ» አለኝ። እስከ ሞጣ ድረስ ከዚያ በኋላ ማንም አልሣቀም።

ሉሊት ሕፃናት እየከተበች ነበር። ድንጋዩን ጫንቃዬ ላይ አድርጌ አንገቴን ደፍቼ ከደጁ ቆምሁ። እኔ የረሳሁት ሉሊት የእኛ አገር ሰው አለመሆኗን ነው። ጓንቷን እንዳጠለቀች እየሮጠች ወጥታ «አባባ! ምን ሆነዋል? ማን አሸከመዎት? ወገብዎ እኮ!» ብላ ድንጋዩን በሁለት እጇ ከላዬ አንሥታ ግድግዳው ሥር አስቀመጠችው። ይቅርታው ሳይመጣ ድንጋዩ ወረደ። ጎጃሜ ብትሆን ድንጋዩን አይታ ብቻ ይገባት ነበር፤ እኔም አንድ ቃል ሳልናገር ይቅር እባል ነበር። ለካ በድንጋዩ ተማምኜ አፌን ሳላዘጋጅ ነው የሄድሁት። ስለዚህ መናገር ግድ ሆነብኝ። «ድምፁ ያንቺ እንዳልሆነ አውቅ ነበር። አልተታለልሁም፤ አውቄ ነው የላክሁት» አልኋት።

ጓንቷን አወለቀች። ቀጥላም «እናቴ አገሬን ሳጥብ ውኃውን ያቀብሉኝ የነበሩት እርስዎ ነዎት» አለች። እንደ ልማዷ ቆም ብላ ተነፈሰች። «ይቅርታውን አሁን አልሰጥዎትም፤ የለኝም። ለእኔ የነገሩኝን ለላኩላቸው ሰዎች ይንገሯቸው፤ ከዚያ ይምጡ» ብላ ወደ ሕፃናቱ ተመለሰች። እኔም ድንጋዬን አንሥቼ ወደ ቢቸና ተመለስሁ።

ቤቴ እንደ ገባሁ ስልኬን አንሥቼ፣ ያኔ ሐሰቱን ወደ ለጠፍሁበት የእድር ቡድን በገዛ ድምፄ «እኔ ሽታሁን ነኝ፤ የሉሊትን ድምፅ ሐሰት መሆኑን እያወቅሁ ነው የላክሁላችሁ» ብዬ ላክሁ። አሁን እድርተኛው ያወግዘኛል፣ ምናልባትም ስሞት አይቀብረኝም ብዬ ስጠብቅ፣ መጀመሪያ የመለሰው ጎረቤቴ ማናዬ ነበር። «ወገኖች ተጠንቀቁ! ይህ የጋሼ ድምፅ አይደለም፤ በማሽን የተሠራ ነው። ጋሼ እንኳን ሊያደርገው አያስበውም!» ይላል። የእድሩ ዳኛ አቶ ፍቅረ ሥላሴ ቀጥሎ «የአባታችንን ስም ለማጥፋት የተለቀቀ ስለሆነ ማንም እንዳያስተላልፈው» ብሎ አዘዘ። ማንም አላስተላለፈውም። ሐሰቱን በግማሽ ቀን ቢቸናን አሻግሮ ሉማሜ ያደረሰ ቡድን፣ እውነቱን ከደጁ አላሳለፈም። «ስልኩ ተጠልፏል» ብለውም ከቡድኑ አስወጡኝ። ሲመሽ ማናዬና ሌሎች ሁለት ሰዎች መጥተው ልክ እንደ ለቅሶ ደራሽ ተደርድረው ተቀመጡ። እኔው ነኝ ብል፣ «አይ ጋሼ፣ ከሐዘንዎ ላይ ይህ ተጨምሮብዎ ቢዘባርቁ አይፈረድብዎትም፤ ሠሪውን ፈጣሪ ይፋረደው» አሉኝ። ለሠሪው አሜን አልሁ።

ክቡር ሆይ፣ ሐሰት እውነት መስላ ስትመጣ የምንከላከልበትን አንቀጽ ጽፋችሁልናል። እውነት በገዛ አንደበቷ መጥታ «አንቺ የማሽን ሥራ ነሽ» ተብላ ከደጅ ስትመለስ አቤት የምትልበት አንቀጽ ካለ ቁጥሩን ብቻ ይላኩልኝ፤ እኔ አንብቤ እደርስበታለሁ። በሞጣ ስታስተምሩን «የሰማችሁትን ሁሉ አትመኑ» ብላችሁ ነበር። ሕዝቡ ጎበዝ ተማሪ ነው፤ የማይፈልገውን ሁሉ አለማመን ለምዷል። እኔም ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ነበርሁ፤ የሚፈልገውን ማመን ከእኔ በፊት የጀመረ በቢቸና የለም።

አራተኛ፤ ቃለ ጉባኤያችሁ «የሞጣና የቢቸና ሕዝብ ረቂቁን በሙሉ ድምፅ ደግፏል፤ የአገር ሽማግሌዎችም መርቀዋል» እንደሚል ሰምቻለሁ። ከሽማግሌዎቹ የመረቅሁት አንድ እኔ ብቻ ስለ ነበርሁ፣ «ሽማግሌዎች» ብላችሁ ስላበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። ነገር ግን ምርቃቴን መልሱልኝ። የተሰጠ ምርቃት እንደማይመለስ አውቃለሁ፤ ሆኖም እናንተ የሰው ጥያቄ ተቀብላችሁ ምንም ሳይነካው መመለስ ስለምትችሉበት ይህም አያቅታችሁም። የሉሊትን ጥያቄ ግን እናንተው ዘንድ አስቀሩት። «ያስተላለፈውስ?» የሚለውን በመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ከትርጓሜው በፊት ጻፉት። እኔን ለማሰር አይደለም። እንደ እኔ ያለ ሰው ቅን ነህ እየተባለ በገዛ ቤቱ ብቻውን እንዳይታሰር ነው።

ለጠፋው ጊዜያችሁ፣ ላነበባችሁትና ላላነበባችሁትም ገጽ ሁሉ ፈጣሪ ዋጋችሁን ይክፈላችሁ። ወንበራችሁ አይነቃነቅ፤ ውኃችሁ ቀዝቃዛ፣ ማይካችሁ የማይጮኽ፣ ጠያቂያችሁም ጨዋ ይሁን። የልጆቻችሁን ድምፅ ማሽን አይቅዳባችሁ፤ ቢቀዳባችሁም አስተላላፊው ቅን ሰው ይሁንላችሁ።

በአንቀጽ ሃያ ሰባት ነጻ የወጣሁት፣ በሌላ ግን ገና ያልወጣሁት፣
የክቡርነትዎ ታማኝ መራቂ
ሽታሁን ወልደ ኪዳን፣ ከቢቸና

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ፣ ረቂቃችሁ ስለማይከለክል፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እድርተኛው በተሰበሰበበት ያንኑ ድንጋይ ጫንቃዬ ላይ አድርጌ ገባሁ። ማናዬ ሊያወርድልኝ ተነሣ፤ እጁን መለስሁት። ዳገቱን ወጥቼ ስለ ነበር እያለከለክሁ፣ በየቃሉ ቆም እያልሁ፣ «የሉሊት ድምፅ እንዳልሆነ አውቄ ነው የላክሁላችሁ» ብዬ ፋንታነሽን ፊት ለፊት እያየሁ ተናገርሁ። በማሽን የተሠራ ነው ያለ ሰው አልነበረም።